ስለ ከፍተኛ ትምህርትና ስለ ቋንቋ፤ የኩዌት ነገር ከቻይና ጋራ ተነጻጽሮ

የቅኔ መምህር አንድ ቃል አንሥቶ ርባታውንና ምሥጢሩን እንደሚጠይቅ፥ እኛም በዚህ ጥናት ከአንድ ቃል እንነሣለን። ቃሉም የከፍተኛ ትምህርት ቤት ስም ነው። ዐረቦች «ጃሚዓ» ይሉታል፤ ትርጓሜው ሰብሳቢ ማለት ስለ ሆነ ጉባኤ ቤት ከምንለው ጋራ ይቀራረባል። ቻይናውያን «ዳሹዌ» ይሉታል፤ ታላቅ ትምህርት ማለት ነው፤ ይኸውም የኮንፊሺየስ ወገን ሊቃውንት ከሚያጠኗቸው ከአራቱ መጻሕፍት የአንዱ ስም ነው። ሁለቱም ሕዝቦች አዲሱን ነገር በአሮጌ ስም ተቀበሉት። እኛ ግን ጉባኤ ቤት እያለን ዩኒቨርሲቲ አልነው።

ነገር ግን ስም ብቻውን ቤት አይሠራም፤ ይህም በኩዌት ይታያል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኩዌት አስቀድሞ የዕንቍ ጠላቂዎችና የመርከበኞች ከተማ ነበረች። ሕፃናቱ ከሙላ ፊት ተቀምጠው ቁርኣን ይደግሙ ነበር፤ የእኛ ልጆች ከየኔታ ፊት ዳዊት እንደሚደግሙ ማለት ነው። በ1911 ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው የሙባረኪያን ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በ1921 የአሕመዲያ ተጨመረ፤ በዚህም እንግሊዝኛ ገባ። ነዳጅ ዘይት በ1946 ወደ ውጭ ተላከ፤ ነጻነት በ1961 መጣ፤ የኩዌት ዩኒቨርሲቲም በ1966 ተከፈተ። ክፍሎቹ በሹወይኽ፥ በኻልዲያ፥ በኬይፋንና በጃብሪያ ተበታትነው ከኖሩ በኋላ፥ ከከተማው ወጣ ብሎ በሻዳዲያ ሰፊ የትምህርት ከተማ ተሠርቶላቸዋል።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አስተውል። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሕግና ሸሪዓ በዐረብኛ ሲሰጡ፥ ሕክምናና ምሕንድስና በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብንና ተፈጥሮን በዐረብኛ የተማረ ወጣት፥ ሐኪም ልሁን ባለ ጊዜ የሚያውቀውን ሁሉ በባዕድ ቃል እንደ ገና ይጀምረዋል። በ2002 እና በ2004 የተከፈቱት የግል ዩኒቨርሲቲዎችም በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እንግዲህ የኩዌት ሰው ርስቱን ሲዳኝ በአባቱ ቋንቋ ነው፤ ሰውነቱን የሚያክምበትን ትምህርት ግን በሌላ ይማራል። አንድ ቋንቋ ለጸሎትና ለግጥም ያማረ ነው ተብሎ እየተመሰገነ ለዕውቀት አይበቃም ከተባለ፥ እንዲህ ያለው ምስጋና ከነቀፋ የከፋ ይመስለኛል።

ዐረብኛ ለሕክምና አይበቃም የሚል ቢኖር፥ በደማስቆ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ ዓመት በላይ ሕክምና በዐረብኛ ሲሰጥ ኖሯል። ኩዌትም ራሷ በዚህ ሥራ የሰነፈች አይደለችም። በ1958 «አል ዐረቢ» የተባለውን መጽሔት፥ በ1978 ደግሞ «ዓለም አል መዕሪፋ» የተባሉትን ተከታታይ መጻሕፍት አውጥታ የዓለምን ዕውቀት ለዐረብ አንባቢ በርካሽ ዋጋ አድርሳለች። የሕክምና መጻሕፍትን ወደ ዐረብኛ የሚመልስ ማዕከልም በዚያው ይገኛል። ተርጓሚው በአንድ በር፥ መምህሩ በሌላ በር ይገባሉ እንጂ የጐደለው መጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ቻይና በሌላ መንገድ ሄደች። በ1898 በቤጂንግ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በ1905 ከሺህ ዓመት በላይ የኖረው የሹማምንት መምረጫ ፈተና ተሻረ። የባዕዱን ትምህርት ተቀበሉ፤ ቃሉን ግን በራሳቸው ፊደል አበጁለት፤ ኮምፒዩተርን «የኤሌክትሪክ አንጎል» ይሉታል። ልጆቻቸውም ፊዚክስንና ሕክምናን በአመዛኙ በቻይንኛ ይማራሉ፤ እንግሊዝኛን ለብቻው ያጠናሉ። ይሁን እንጂ እነርሱም አልዳኑም። የሊቁ ማዕረግ በእንግሊዝኛ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ብዛት ሲመዘን ስለ ቆየ፥ ቻይናዊው ተማሪ የገዛ ወገኑን ግኝት በባዕድ ቋንቋ ማንበብ ግድ ሆነበት። በ2020 መንግሥታቸው ይህ አቈጣጠር እንዲቀንስ መመሪያ ሰጠ።

ባዕድ ቃል መዋስ ነውር አይደለም። «ስልክ» የምንለው እንኳ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ባዕድ ነው የሚለው የለም። በኩዌት ቤቶች የሚያገለግሉ እኅቶቻችንም ያለ መጽሐፍ፥ በጆሮ ብቻ ዐረብኛን ተምረው ሲመለሱ አማርኛቸው አልጠፋም። ጥያቄው ሐተታው በማን ቋንቋ ይሁን የሚለው ነው። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት ሐተታው በእንግሊዝኛ ተጀመረ፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዎቻችን እንዲሁ ነው። በጉባኤ ቤት ግን መጽሐፉ ግእዝ ሆኖ ሳለ መምህሩ አንድምታውን በአማርኛ ያወርደዋል።