ቻትቦት ለንድፍ አውጪው ምን ይረዳዋል?

የቆዳ ቦርሳ ንድፍ አውጪ ምርቱን በብዛት ከማሰፋቱ በፊት ሐሳቡን የሚሞግትለት ያስፈልገዋል። ኦፕን ኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ለዚህ ይረዳሉ። ቁም ነገሩ አጠያየቁ ላይ ነው። «ቦርሳዬ ያዋጣል?» የተባለ ቻትቦት ጠያቂውን ወደሚያስደስት መልስ ያዘነብላል። «ደንበኛ ይህን ቦርሳ አይቶ ሳይገዛ የሚሄድባቸውን ምክንያቶች ዘርዝር» ሲባል ግን የማንገቻውን ስፌት፣ የዚፑን ጥንካሬ፣ የቦርሳውን ክብደት ሊያነሣ ይችላል።

ይሁንና ቻትቦቱ ቆዳውን አልዳሰሰም፤ መርካቶ ወርዶም ዋጋ አልጠየቀም። የተሳሳተውንም በሙሉ ልብ ይናገራል። ስለዚህ ዝርዝሩን ይዞ ጥቂት ናሙና ማሰፋትና ለገዢ ማሳየት ግድ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ነጋዴም ንድፍ አውጪውን ሊጠይቅ የሚገባው ቻትቦቱ ያለውን ሳይሆን ገዢው ያለውን ነው።