ለሐዘንተኛ እውነቱን ስለ መንገር

በአገራችን መርዶ የሚነገርበት ሥርዐት አለው። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ በማለዳ ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ሳለ ወሬው እንዳይደርሰው ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይሰበሰባል። መርዶ ነጋሪ ቃሉን ያዘገያል እንጂ አይለውጠውም። በጦር ሜዳ የወደቀውን ሰው በአልጋው ላይ ሞተ ብሎ የሚያረዳ ሽማግሌ ቢገኝ፥ እውነቱ በተሰማ ጊዜ ወደዚያ ቤት በምን ፊቱ ይገባል? በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህ ጥንቃቄ በጎደለበት በአንዲት ሩቅ ከተማ የሆነውን ነገር ነው።

ኡቫልዴ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት ከሳን አንቶኒዮ በስተ ምዕራብ ያለች፥ 15,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ከነዋሪዎችዋ የሚበዙት ትውልዳቸው ከሜክሲኮ ነው። ግንቦት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.፥ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሜይ 24 ቀን 2022፥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ጠመንጃ ይዞ ሮብ ወደሚባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባና 19 ልጆችንና 2 መምህራንን ገደለ።

ጊዜውን ልብ እንበል። ገዳዩ የገባው በእኛ ሰዓት አቈጣጠር ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ነበረ። የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደረሱ፤ ነገር ግን ሲተኰስባቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ በኋላ ሌሎች እየመጡ ተሰበሰቡ፤ ቍጥራቸውም ወደ 376 ደረሰ። ክፍሉ ተከፍቶ ገዳዩ የተገደለው በ6 ሰዓት ከ50 ነው። 77 ደቂቃ አለፈ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉ በክፍሉ ውስጥ የነበሩ ልጆች በስልክ እርዳታ ይለምኑ ነበር። ከደጅ የቆሙት ወላጆች «እናንተ ካልገባችሁ እኛ እንግባ» እያሉ ሲጮኹ የሚገፏቸውና የሚይዟቸው እነዚያው የጦር መሣሪያ የታጠቁት ሰዎች ነበሩ። አባት ልጁ ካለበት ክፍል ጥቂት እርምጃ ርቆ፥ ተከልክሎ ቆመ።

ይህ ያልታወቀ ነገር ደርሶባቸው ነው እንዳንል፥ ትምህርቱ ከብዙ ዓመት በፊት ተገኝቶ ነበረ። በ1999 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ግዛት በኮለምባይን ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ግድያ በሆነ ጊዜ ፖሊሶች ልዩ ጓድ እስኪመጣ በውጭ ቆይተው ነበርና፥ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ያሉ ፖሊሶች የሚማሩት ሳይጠብቁ ወዲያው እንዲገቡ ነው። የኡቫልዴ ሰዎች ቍጣ የበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በሌሎች ልጆች ደም የተገዛ ትምህርት ለልጆቻቸው አልደረሰላቸውም።

ሆኖም ሐዘኑ ወደ ምሬት የተለወጠው ከዚያ ቀን በኋላ በተነገሩት ቃሎች ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። በመጀመሪያ ባለ ሥልጣኖች የፖሊሶቹን ፍጥነትና ድፍረት አመሰገኑ። አንድ የትምህርት ቤቱ ፖሊስ ገዳዩን በውጭ ገጥሞት ነበር ተባለ፤ ይህ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ አንዲት መምህርት በሩን በድንጋይ ደግፋ ክፍት ትታዋለች ተባለ፤ በኋላ ሲመረመር ግን በሩን ዘግታው ነበር፤ ጉድለቱ የቍልፉ ነበረ። እንግዲህ እናስተውል፤ የአንዲት ሴት ስም በሌላው ስንፍና በአገሩ ሁሉ ተነሣ። በሦስተኛው ቀን የግዛቱ ፖሊስ አዛዥ ሳይገቡ መጠበቃቸው ስሕተት እንደ ነበረ ተናገረ፤ አገረ ገዡም «አሳስተውኛል» አለ።

እኛ በአገልግሎታችን ብዙ ለቅሶ ቤት ገብተናል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አይገባም። በሕክምና ቸልታ ወይም በመኪና ነጂ ስካር ልጁ የሞተበትን ሰው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ዝም በል፤ መርምረህ ምን ታገኛለህ?» የምንል እንኖራለን። ቃሉ የመጽናናት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያሳርፈው ሐዘንተኛውን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነው። የሰውን ስንፍና በእግዚአብሔር ስም መሸፈን ማጽናናት አይደለም። በኡቫልዴም ለወላጆቹ «ነገሩን አታቈዩት፤ ከተማይቱ ትረፍ» የሚሏቸው ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ግን ደጋግመው ወደ ትምህርት ቤቱ ጉባኤ እየመጡ ተናገሩ፤ የትምህርት ቤቱ ፖሊስ አዛዥ በነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሥራው ተሰናበተ። እነርሱም በዚህ አልረኩም፤ በዚያ የቆሙት የብዙ መሥሪያ ቤቶች ሰዎች ነበሩና በአንድ ሰው መባረር ነገሩ እንዲዘጋ አልወደዱም።

እውነትን መግለጥም ሥርዐት እንደሚያስፈልገው ከዚያው ከተማ እናያለን። ፖሊሶቹ በመተላለፊያው ቆመው የሚታዩበት ፊልም በሐምሌ ወር ወላጆቹ ሳያዩት በጋዜጣ በኩል ለሕዝብ ወጣ። ፊልሙ እንዲታይ ሲጠይቁ የነበሩት እነርሱ ራሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ለእነርሱ ሊታይ ይገባ ነበርና እጅግ አዘኑ። መርዶን በመንገድ ላይ መስማት ማለት ይህ ነው።

በየካቲት 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተማይቱ ራስዋ የቀጠረችው መርማሪ በሕዝብ ፊት ቀርቦ የከተማይቱ ፖሊሶች በቅን ልብ እንደ ሠሩ አስታወቀ። ንባቡንም ጨርሶ ወጣ። ወላጆቹ ግን «ይመለስና ይስማን» ብለው ጮኹ፤ እርሱም ተመልሶ ተቀምጦ ሰማቸው። ከዚህ ታሪክ ሁሉ በልባችን የቀረው ይህ ነው። ገንዘብ አልጠየቁትም፤ በዚያች ሰዓት የጠየቁት ስለ ልጆቻቸው የጻፈው ሰው በፊታቸው እንዲቀመጥ ብቻ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋት ያለ ማንም ድካም ይመጣል፤ የኡቫልዴ እውነት ግን እንዲሁ አልጠራም፤ እናቶችና አባቶች እየጎተቱ አወጡት እንጂ። ከዚህ ስብሰባ በፊት በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የፍትሕ ሚኒስቴር ወደ 600 ገጽ የሚጠጋ ምርመራ አውጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሚኒስትሩ ሜሪክ ጋርላንድ አስቀድሞ ወደ ከተማይቱ ሄዶ ከቤተ ሰቦቹ ጋር ተገናኘ። ፖሊሶቹ እንደ ተማሩት ወዲያው ገብተው ቢሆን ኖሮ ከሞቱት የሚተርፉ እንደ ነበሩ በግልጥ ተናገረ። ለሰሚዎቹ ከዚህ የከበደ ቃል አልነበረም፤ ነገር ግን ሃያ ወር ሙሉ ሲጠብቁት የነበረ ቃል ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ ቤተ ሰቦች ከከተማይቱ ጋር ተስማሙ። ከተማይቱን ማደኽየት አንወድም ብለው መድን ከሚከፍለው 2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አልጠየቁም። ይልቁንም ፖሊሶች የተሻለ ትምህርት እንዲያገኙ፥ ለሞቱትም መታሰቢያ እንዲቆም፥ ሜይ 24 ቀን በየዓመቱ በከተማይቱ የመታሰቢያ ቀን እንዲሆን በስምምነቱ አስገቡ።