ጆንያ ይዞ የሚማረው ልጅ

በህንድ አገር ዛሬ ዳሊት የሚባሉ ወገኖች አሉ። የቀድሞው ልማድ እነርሱ የነኩት ይረክሳል ይል ነበርና፤ ቤታቸው ከመንደሩ ውጭ፤ ውሃቸውም ለብቻ ነበረ።

ቢምራኦ አምቤድካር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ. ም. ከእነዚሁ ወገን ተወለደ። በሳታራ ከተማ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋራ መቀመጥ ተከለከለ። ስለዚህ ከቤቱ ጆንያ እያመጣ በክፍሉ ጥግ ለብቻው ይቀመጥበት ነበር። ጆንያውን ጠራጊው እንኳ አይነካውምና፤ ማታ ተሸክሞት ይመለሳል። ቢጠማውም የቧንቧውን ውሃ ራሱ መክፈት አይችልም፤ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ በሌለበት ቀን ተጠምቶ ይውላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከፊደሉ ይልቅ ጥሙ ሳይከብደው አልቀረም።

ሆኖም ተምሮ ታላቅ ሊቅ ሆነ። በ1924 በቦምባይ ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም በሾላፑር ለወገኖቹ ልጆች የተማሪ ማደሪያ ከፈተ፤ ከገጠር የመጣ የዳሊት ልጅ በከተማ የሚያስጠጋው ማግኘት ጭንቅ ነበርና። ኋላም የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ሰብሳቢ ሆነ፤ በ1950 የጸናው ይህ ሕግ በ17ኛው አንቀጽ ያንን ልማድ ሻረ።

ነገር ግን በአንዳንድ የገጠር ትምህርት ቤቶች የዳሊት ልጆች በምሳ ሰዓት ተለይተው እንደሚቀመጡ ዛሬም ይሰማል።