ኬሞቴራፒ የሚወስዱ አረጋውያንን በቤት መንከባከብ፦ የሰበካ ጉባኤያትና የካህናት ድርሻ

በመርካቶ፣ በሲኒማ ራስና በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ያሉ አልጋ ቤቶች የሚያስተናግዱት ነጋዴን ብቻ አይደለም፤ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የሚመጡ አረጋውያንንም ጭምር ነው። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር መድኃኒት፣ ማለትም ኬሞቴራፒ የሚወስዱ ሕሙማን በሁለት ዙር መካከል ያሉትን ሳምንታት የሚያሳልፉት በቤታቸው ወይም በእንዲህ ያለ የኪራይ ክፍል ነው። በዚያ ጊዜ ነርስ አጠገባቸው የለችም፤ ጎረቤትና የነፍስ አባት ግን አሉ። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነውም ስለዚህ ነው።

፩. ትኩሳትን አናቃልል። ኬሞቴራፒ ካንሰሩን ሲዋጋ ከበሽታ የሚከላከሉልንን ነጭ የደም ሕዋሳትም ይቀንሳል። ቁጥራቸው እጅግ የሚያንሰው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ነው። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሕመምተኛውን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ይገባል። ሐኪም ሳያዝ የትኩሳት ማስታገሻ መስጠት ምልክቱን ይሸፍናል። በአረጋውያን ዘንድ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳትም ይመጣል። ድንገት ግራ መጋባት፣ መውደቅ ወይም ምግብ መተው ከታየ «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው።

፪. ጾምና ጠበል። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነጻ ያደርጋል። አረጋዊው ግን ራሱን ነጻ ለማድረግ ኅሊናው አይፈቅድለትምና ቃሉን ከነፍስ አባቱ መስማት ይሻል። ሳይበሉና ሳይጠጡ መዋል ኩላሊትን ይጎዳል፤ አቅምንም ያሳጣል። ጠበልን በተመለከተ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲጠቀሙ አስተምረዋል። ትምህርቱ ለካንሰር ሕሙማንም ይሠራል። የሚጠጣ ውኃ ግን የፈላ ይሁን፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ይቅር። የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ካሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

፫. የአስታማሚው ጥንቃቄ። መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓታት በሽንት፣ በሰገራና በትውከት ይወጣል። አስታማሚው ጓንት ያድርግ፤ የቆሸሸውን ልብስ ለብቻው ይጠብ፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ አትሥራ። የሚዋጥ እንክብል ከሆነ አይሰበር፤ አይፈጭ፤ በባዶ እጅም አይነካ።

ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን በመንገድ አክሞ አልተወውም፤ እስከ እንግዳ ማረፊያው አድርሶ ወጪውንም ሸፈነ። እንግዲህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በአጥቢያው ያሉትን ሕሙማን በፈቃዳቸው ይመዝግብ፤ አንድ ቴርሞሜትርና ጓንት ያዘጋጅ፤ ለሌሊት መጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ሌሊት የሚጠራ ሰውም ይመድብ። እነዚህ አራቱ ሲሟሉ ትኩሳት የያዘው አረጋዊ ንጋትን መጠበቅ አይኖርበትም።