ለዘር የሚሆነውን ገና ሳይታጨድ ለየው

ልጄ፣ ዘንድሮ ማሳው ያንተ ነው። እጅህ ይሠራል፤ ዓይንህ ግን ይቸኩላል። ኅዳር ሳይገባ ይህን ያዝልኝ።

1. ዘር ከማሳ እንጂ ከጎተራ አይመረጥም። ጎተራ ከገባ በኋላ ሁሉም ስንዴ ይመሳሰላል። ዳር ዳሩን ተወው፤ የጎረቤት ዘርና ሲናር የሚቀላቀለው እዚያ ነው። መሀል ላይ ቁመቱ የተስተካከለውን፣ ያልጋሸበውን ቦታ ገመድ አዙርበት። ከዚያ ውስጥ አለጊዜው የደረሰውን፣ የዛላው መልክ ለየት ያለውን እየነቀልክ አውጣ። ያሰለችሃል፤ ቢሆንም ቀጥል።

2. የለየኸውን ኮምባይነር አይንካው። በማጭድ እጨደው፣ ለብቻው ውቃው። ኮምባይነሩ አንተ ጋ እስኪደርስ የስንቱን ሰው ማሳ ሲያጭድ ከርሟል፤ የሁሉም ሲናርና ገብስ ሆዱ ውስጥ አለ። "ጠርገነዋል" ይሉሃል። ሆዱን አጥርቶ የሚጠርግ ሹፌር እኔ አላጋጠመኝም።

3. የፍሬው መወፈር አያታልልህ። ግንቦት ላይ 100 ፍሬ ቆጥረህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልል፣ ሞቅ ያለ ቦታ አኑረው። በሳምንቱ ፍታና ቁጠር፤ ያልበቀለው ከ15 ካለፈ ለወፍጮ ስጠው። ለቢራ የምትሸጠው ገብስም ሕያው መሆን አለበት፤ የማይበቅል ገብስ ብቅል አይወጣውም። ዩሪያ ካበዛህበት ደግሞ ፕሮቲኑ ይጨምርና ብቅል ፋብሪካ ይመልስብሃል። ለዳቦ የተመሰገነው ለቢራ ነውር ነው፤ እንግዲህ ለምን እንደምትዘራ አስቀድመህ ወስን።

4. አንድ ዝርያ ላይ አትተኛ። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርህ። ኩብሳ የሚባለው ስንዴ ለዓመታት እንጀራችን ነበር፤ በ2003 መግቢያ ቢጫ ዋግ መታው። ብዙ ሰው ወደ ዲገሉ ዞረ፤ በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ዲገሉን ጣለው። ሁለቱም ሲወጡ ምርጥ ዘር ነበሩ። ዋግ መልኩን ይለውጣል፣ በነፋስ ይጓዛል፤ አገር ሙሉ አንድ ዓይነት ከዘራ ከማሳ ማሳ ለመዝለል የሚያግደው የለም። አንተ ሁለት ሦስት ዓይነት ያዝ፤ አንዱ ቢመታ አንዱ ያበላሃል።

5. የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል አዲስ ዘር ሲያወጣ አትናቀው፣ ግን አትንሰፍሰፍለት። ጥቂት ወስደህ ጥግ ላይ ሞክረው። የራስህንም በሦስት በአራት ዓመት አድስ።

6. ጆንያው ላይ የዝርያውን ስምና ዓመቱን ጻፍ። ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጠው፤ እርጥበት ይስባል፤ ከሥሩ እንጨት ደርድር። እናትህንም አስጠንቅቃት፣ ለበዓል አንስታ ወፍጮ ቤት እንዳትልከው።