ኮፒ ያደረግነው ጽሑፍ የት ይቀመጣል?

በአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ኮንትሮል ሲ ስንነካ ጽሑፍ ኮፒ እንደሚሆን፣ ኮንትሮል ቪ ስንነካ ፔስት እንደሚሆን ተምረናል። በመሀል ግን ጽሑፉ የት ነው ያለው? ቦታው ክሊፕቦርድ ይባላል። ሌላ ነገር ኮፒ ካደረግን አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ይጠፋል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዜሮክስ ፓርክ በሚባል የአሜሪካ የምርምር ማዕከል የሠሩት ላሪ ቴስለር እና ቲም ሞት ናቸው።

ነገሩ የሚከብደው ኮምፒውተሩ ሁለት ሲሆን ነው። ታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። እቤት ተቀምጦ በላፕቶፑ ሩቅ ያለ ሰርቨር ውስጥ ይገባል፤ መግቢያው ኤስኤስኤች ነው። የሚታየው ተርሚናል የሚባል ጥቁር መስኮት ነው፤ ሥዕል የለ፣ ምን የለ፣ ፊደል ብቻ! እዚያ ውስጥ ቪም በሚባል መጻፊያ ይጽፋል። ቪም ላይ ዋይን ሁለት ጊዜ ሲነካ መስመሩ ኮፒ ይሆናል። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ኢሜይል ከፍቶ ፔስት ሲያደርግ ግን የሚወጣው ጠዋት ኮፒ ያደረገው ሌላ ነገር ነው።

ለምን? ቪም የሚሠራው እዚያ ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ነው። ኮፒ የሆነውም እዚያው ይቀራል። ባሕር ዳር ያለች አክስታችሁ ስልክ እያወራች ወረቀት ላይ አንድ ነገር ብትጽፍ ወረቀቱ እናንተ ጋ አይመጣም አይደል? የሚመጣው ድምፅዋ ብቻ ነው። ከሰርቨሩም የሚመጣው ስክሪን ላይ የሚታየው ፊደል ብቻ ነው።

አንዳንዶች በማውስ መርጠው ኮፒ ያደርጋሉ። እኔ ይሄን መንገድ አልወደድኩትም፤ ከስክሪኑ በታች የቀረው ጽሑፍ አይመጣም፣ የመስመር ቁጥር ከበራ ደግሞ ቁጥሩም አብሮ ይገለበጣል።

የተሻለው መንገድ ኦኤስሲ 52 ይባላል። አክስታችን ወረቀቱን በስልክ እያነበበች እኛ ደብተራችን ላይ እንደምንጽፈው ማለት ነው። ሰርቨሩ ከሚልካቸው ፊደሎች መሀል «ይህን አታሳይ፣ ክሊፕቦርድ ውስጥ አስቀምጥ» የሚል ምልክት ይደብቃል፤ ተርሚናሉ የሚያውቀው ከሆነ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጠዋል። ጽሑፉ ቤዝ 64 በሚባል ዘዴ ወደ ላቲን ፊደልና ቁጥር ተቀይሮ ስለሚመጣ አማርኛውም ሳይበላሽ ይደርሳል። የቪም ዘመድ የሆነው ኒዮቪም እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 0.10 ጀምሮ ይህን በራሱ ይችላል።

ሰርቨሩ ግን በተራው «ክሊፕቦርድህ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅም ይችላል። ይሄ ያስፈራል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የይለፍ ቃሉን ኮፒ ያደርጋል። ስለዚህ ብዙ ተርሚናሎች ማስቀመጥን ይፈቅዱና ማንበብን ይከለክላሉ፣ ወይም መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቃሉ። የወንድሜ ተርሚናል ከሚከለክሉት ነው።