መዘምራን ለሕዝብ ሲዘምሩ ኃላፊው ማን ነው?

በወለጋ ከተሞች በልደትና በትንሣኤ ሰሞን መዘምራን ለሕዝብ ዝማሬና መንፈሳዊ ትያትር ማቅረባቸው የቆየ ልማድ ነው። ካቴኪስቶች ሊያማክሩን ሲመጡ የሚጠይቁን ስለ ዜማው ነው፤ ስለ ዝግጅቱ አመራር የሚጠይቀን እምብዛም የለም።

ከዓመታት በፊት በነቀምቴ እኛው ራሳችን በመራነው ዝግጅት መካከል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ነበረ፤ ቤንዚን ግን አልነበረም። ለካስ ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው «ሌላው ይገዛል» ብለው ኖሯል። ከሩቅ ጸሎት ቤቶች በእግር የመጡ እናቶች ጥቂት ጠብቀው፣ ሳይመሽባቸው ተነሥተው ሄዱ። የባሰው በማግሥቱ መጣ። የመግቢያው ገንዘብ በሁለት ሰዎች እጅ ስለ ነበረ ሒሳቡ አልገጠመም። ማንም ሰረቀ ብለን አናምንም፤ ነገር ግን አራት ወጣቶች ከመዘምራኑ ወጡ፣ አንዱም እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ስለዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን ግልጽ መመሪያ አላት። በቫቲካን የሥርዓተ አምልኮ ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 (በእኛ በ1980 ዓ.ም.) ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ በአብያተ ክርስቲያናት ስለሚቀርቡ የሙዚቃ ዝግጅቶች ደብዳቤ አውጥቷል። በዚሁ መሠረት ጥያቄው አስቀድሞ በጽሑፍ ለጳጳሱ ይቀርባል፤ መግቢያው ያለ ክፍያ ለሁሉ ክፍት ይሆናል፤ ዘማርያኑ በመቅደሱ ውስጥ አይቆሙም፤ ቅዱስ ቁርባንም በተቻለ መጠን ወደ ሌላ የተከበረና አስተማማኝ ስፍራ ይዛወራል። አዘጋጁም ወጪውን ለመሸፈን፣ ቦታውን እንደ ነበረ ለማስረከብና ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነቱን በጽሑፍ ይቀበላል። እነሆ፣ እኛ የዘነጋነው ይህንኑ የመጨረሻውን ነበር!

ትኬት መሸጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ዝግጅቱ በአዳራሽ ይሁን። ያን ጊዜም ቢሆን ገንዘቡን የሚቀበለውና የሚመዘግበው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። በ1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው አገር ፍቅር ትያትር ቤት ከመሆኑ በፊት ማኅበር ነበረ፤ መዘምራንም ከመድረኩ በፊት ማኅበር መሆናቸውን አይርሱ።

ያው ደብዳቤ መዝሙሮቹ በማብራሪያ ታጅበው እንዲቀርቡም ያሳስባል። በግዕዝ ሲዘመር ትርጉሙን በኦሮምኛ የሚነግር ሰው ከሌለ አዛውንቶቻችን ዜማውን ብቻ ሰምተው ይመለሳሉ። ይህ ሰው በዕለቱ ከሕዝብ መካከል የሚጠራ ሳይሆን ከልምምዱ ጀምሮ አብሮ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

በቀጣዩ ዓመት የኃላፊውን ስም በወረቀት ጽፈን አስፈረምነው። ከበዓሉ በኋላም ሒሳብ ያዥዋ ልጅ ከቅዳሴ ፍጻሜ ቆማ ገቢና ወጪውን ለምእመናን አነበበች። የመጀመሪያው ወጪ ቤንዚን ነበረ።